ፒኤች 9 የሆነ ውሃ የደምን አሲድ ይቀንሳል? ስሌቱን አብረን እንሥራው

ጠብታ፦
ሰላም ለሁላችሁ። «አልካላይን ውሃ» መጠጣት የደምን አሲድ ይቀንሳል ሲባል በየቦታው ይሰማል። የሚደግፈውም የሚነቅፈውም ግን ቁጥር ሲጠቅስ አይታይም፤ እኔ ደግሞ የምፈልገው ቁጥሩን ነው። የደም ቅዳ ደም ፒኤች ከ7.35 እስከ 7.45 ነው። ፒኤች በ1 ከፍ ሲል ሃይድሮጂን አዮን ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። ስለዚህ ፒኤች 9 የሆነ ውሃ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን አዮን በደም ውስጥ ካለው 40 ጊዜ ያህል ያንሳል። 70 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ ወንድ በሰውነቱ ውስጥ 42 ሊትር ገደማ ውሃ አለው። በዚህ ላይ 2 ሊትር እንዲህ ያለ ውሃ ሲጨመር ፒኤቹን ወደ ላይ መሳብ አልነበረበትም? ካልሳበው ምን ያዘው?

ሦስት ነገር ቢብራራልኝ ደስ ይለኛል። በውሃው ውስጥ ያለው ቤዝ (አሲድን የሚያከሽፈው ነገር) ስንት ነው? ሰውነት በቀን የሚያስወግደው አሲድ ስንት ነው? የደም ጋዝ ምርመራ ወረቀት ላይ ያሉት ቁጥሮችስ እንዴት ነው የሚነበቡት?

ቡሬት፦
ጠብታ፣ ስሌቱ የሳተው ፒኤችን እንደ መጠን በመቁጠርህ ነው። ፒኤች የሚናገረው በዚያች ቅጽበት ነፃ ሆኖ ስላለው ሃይድሮጂን አዮን ብቻ ነው። ከሌላ ነገር ጋር ተያይዞ የተቀመጠውን አሲድ ወይም ቤዝ አያሳይም፤ በኬሚስትሪው ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ደግሞ ያ የተያያዘው ነው።

ቁጥሩ ይኸው። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ፒኤች 9 ማለት በሊትር 0.01 ሚሊሞል ሃይድሮክሳይድ ነው። 2 ሊትር ሲሆን 0.02 ሚሊሞል። ፒኤቹ 2 የሆነ የጨጓራ ፈሳሽ በሊትር 10 ሚሊሞል አሲድ ይይዛል፤ ስለዚህ ሁለቱን ሊትር ለማክሸፍ 2 ሚሊ ሊትር የጨጓራ ፈሳሽ በቂ ነው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ውሃው ከጨጓራ ሳይወጣ ነገሩ አልቋል።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ተቺዎችም ይሳሳታሉ። ከላይ ያለው ስሌት የሚሠራው ውሃው ከሃይድሮክሳይድ በቀር ሌላ ቤዝ ከሌለው ነው። ማዕድን ያለበት ውሃ ባይካርቦኔት ይይዛል፣ እሱን ደግሞ ፒኤች መለኪያ አይቆጥርም። የሚቆጥረው ቲትሬሽን ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በብልቃጥ ይለካል፤ ሁለት ሦስት ጠብታ ሜቲል ኦሬንጅ ይጨመርበትና ቢጫ ይሆናል። ከቡሬት (መለኪያ ካለው የመስታወት ቱቦ) 0.02 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ እያወዛወዙ ጠብ ጠብ ማድረግ ነው። ጠብታው ባረፈበት ቦታ ቀይ ጥላ ብቅ ብሎ ይጠፋል፤ መጨረሻው ሲቃረብ ጥላው መጥፋቱን እያዘገየ ይሄዳል፣ ከዚያ በአንዲት ጠብታ ብልቃጡ ሙሉ ብርቱካንማ ይሆናል። ያኔ ይቆማል። የፈሰሰው እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር በሊትር 0.2 ሚሊሞል ቤዝ ማለት ነው።

አሁን ሁለት ውሃ ጎን ለጎን አድርግ። አንዱ ማዕድን የሌለው፣ በሃይድሮክሳይድ ብቻ ፒኤቹ 9 የደረሰ። ሌላው ፒኤቹ 7.5 ብቻ የሆነ፣ ግን በሊትር 488 ሚሊ ግራም ባይካርቦኔት ያለበት። የመጀመሪያው ጥቂት ጠብታ አሲድ ወርዶበት ቀለሙ ይቀየራል። ሁለተኛው 40 ሚሊ ሊትር ይጠጣል፤ በሊትር 8 ሚሊሞል ነው። ፒኤቹ ዝቅ ያለው ውሃ በሊትር 800 እጥፍ ቤዝ ተሸክሟል። የመጀመሪያው ክዳኑ ተከፍቶ ቢቀመጥ እንኳ ከአየር በሚገባው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ ፒኤቹ ይወርዳል።

ጠብታ፦
ግልጽ ነው፣ አመሰግናለሁ። እሺ፣ ሁለተኛውን እንውሰድ። በሊትር 8 ሚሊሞል ባይካርቦኔት ያለበትን ውሃ 2 ሊትር የጠጣ ሰው 16 ሚሊሞል ቤዝ አገባ። ይህ ደም ውስጥ ይደርሳል?

ኔፍሮን፦
ይደርሳል፣ ግን በቀጥታ አይደለም። ባይካርቦኔቱ ጨጓራ ውስጥ ከአሲድ ጋር ተገናኝቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይሆናል። የጨጓራ ሴል ግን አሲድ ወደ ውስጥ ባወጣ ቁጥር በዚያው ልክ ባይካርቦኔት ወደ ደም ይለቃል። በተለመደው ሁኔታ ቆሽት ኋላ ባይካርቦኔት ወደ አንጀት አፍስሶ ሂሳቡን ያወራርዳል፤ አሲዱ አስቀድሞ ከከሸፈ ግን ቆሽት የሚያፈሰው ያንሳል፣ ትርፉ ደም ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የተጠጣው ቤዝ በዞሮ መንገድ ይገባል።

ከገባ በኋላ ጤነኛ ኩላሊት በሰዓታት ውስጥ ይጥለዋል። ሽንት ከፒኤች 6 ገደማ ተነስቶ ወደ 7.5 እና 8 ይወጣል፤ ደም ብዙም አይነቃነቅም። የሽንት ወረቀት ነክረው «ሰውነቴ አልካላይን ሆነ» የሚሉት ያዩት የሰውነትን መለወጥ ሳይሆን የኩላሊትን የማስወጣት ሥራ ነው።

በቀን የሚወገደውን አሲድ በተመለከተ ሁለት የተለያየ ጭነት አለ፣ መደባለቅ የለባቸውም። አንደኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ በቀን 15,000 ሚሊሞል ገደማ ሲሆን በሳንባ ይወጣል። ሁለተኛው በትንፋሽ የማይወጣው ነው፤ በዋናነት ሰልፈር ካላቸው አሚኖ አሲዶች የሚመጣ ሰልፈሪክ አሲድ። በኪሎ 1 ሚሊሞል ገደማ ነው፣ ለ70 ኪሎ ሰው 70 ሚሊሞል። ይህ የኩላሊት ድርሻ ነው።

ይህን 70 ሚሊሞል ነፃ ሃይድሮጂን አዮን አድርጎ መሽናት ይቻላል ብለን እናስብ። ሽንት ሊደርስበት የሚችለው ዝቅተኛ ፒኤች 4.5 አካባቢ ነው፤ በሊትር 0.03 ሚሊሞል። 70 ሚሊሞሉን ለማውጣት ከ2,000 ሊትር በላይ ሽንት በቀን ያስፈልግ ነበር። ስለዚህ አሲዱ ተሸካሚ ያሻዋል። ተሸካሚዎቹ ሁለት ናቸው።

ፎስፌት አንዱ ነው። ፒኬው (ግማሹ ተጭኖ ግማሹ ባዶ የሚሆንበት ፒኤች) 6.8 ስለሆነ በደም ፒኤች አራት አምስተኛው ባዶውን፣ ማለትም አንድ ፕሮቶን (ሃይድሮጂን አዮን) ሊጨምር የሚችል ሆኖ ይጣራል፤ ሽንት ወደ ፒኤች 5 ሲወርድ ሁሉም ለማለት ይቻላል ተጭኖ ይወጣል። ችግሩ መጠኑ በሚጣራው ፎስፌት የተገደበ መሆኑ ነው። ኩላሊት ሲፈልግ ሊጨምረው አይችልም።

አሞኒየም ሁለተኛው ነው፣ ትልቁ ጉልበትም እዚህ ነው። የኩላሊት ቱቦ ሴሎች ግሉታሚን የተባለውን አሚኖ አሲድ ሰብረው ከአንዱ ሞለኪውል ሁለት አሞኒየምና ሁለት አዲስ ባይካርቦኔት ያወጣሉ። አሞኒየሙ በሽንት ይሄዳል፣ ባይካርቦኔቱ ወደ ደም ይመለሳል። በተለመደው ቀን ከ30 እስከ 40 ሚሊሞል ነው፤ አሲዶሲስ (የደም ወደ አሲድ ማዘንበል) ሲቆይ በጥቂት ቀናት ውስጥ 200 ሚሊሞልና ከዚያ በላይ ይደርሳል። «በጥቂት ቀናት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፦ ሳንባ በደቂቃዎች ይመልሳል፣ ኩላሊት ቀናት ይወስዳል፤ ከታች ስለ ቁጥር አነባበብ ሲነሳ ይህ ልዩነት ይጠቅማል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ያለውን መጠበቅ አለ። በቀን 180 ሊትር ይጣራል፣ በየሊትሩ 24 ሚሊሞል ባይካርቦኔት፤ 4,300 ሚሊሞል ማለት ነው። ከዚህ 80 ከመቶ ያህሉ በመጀመሪያው የቱቦ ክፍል ይመለሳል። ባይካርቦኔቱ ራሱ ግድግዳውን አልፎ አይመለስም። ሴሉ ፕሮቶን ያወጣል፣ ፕሮቶኑ ከባይካርቦኔቱ ጋር ተገናኝቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፣ ጋዙ ወደ ሴል ይገባል፣ ውስጥ እንደገና ባይካርቦኔት ሆኖ ወደ ደም ይወጣል። ሁለቱንም አቅጣጫ የሚያፋጥነው ካርቦኒክ አንሃይድሬዝ የተባለው ኢንዛይም ነው። አሴታዞላማይድ የተባለው መድኃኒት የሚያግደው ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ሽንት አልካላይን ይሆናል፣ ደም ግን ወደ አሲድ ያዘነብላል። ሽንትና ደም ተቃራኒ ሲናገሩ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ የለም።

ቡሬት፦
አንዲት እርማት ለራሴ ጽሑፍ። ከላይ በ25 ዲግሪ አስልቻለሁ። በ37 ዲግሪ ውሃ የበለጠ ስለሚከፋፈል ገለልተኛው ነጥብ 7 ሳይሆን 6.8 አካባቢ ነው። ስለዚህ 7.4 ከገለልተኛ በ0.6 ከፍ ያለ ነው። ለመደምደሚያው ለውጥ የለውም፣ ግን «ገለልተኛ ማለት 7 ነው» ብሎ የደምን ፒኤች መመዘን ስህተት ነው።

ሚዛን፦
ኔፍሮን «ሳንባ በደቂቃዎች» ያለውን በቁጥር ላሳይ፤ የባይካርቦኔት ባፈር (የፒኤችን ለውጥ የሚያለዝብ ጥንድ) ለምን እንዲህ ጠንካራ እንደሆነ የሚገባው እዚህ ነው። ባፈር የሚበረታው በፒኬው አካባቢ ነው፤ የዚህ ፒኬ 6.1 ስለሆነ በመማሪያ መጽሐፍ ሕግ ለ7.4 ደካማ ባፈር መሆን ነበረበት።

ፒኤች = 6.1 + ሎግ (ባይካርቦኔት ÷ (0.03 × ፒሲኦ2))

ፒሲኦ2 የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ነው፣ በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ። በጤነኛ ሰው 24 ÷ 1.2 = 20፤ የ20 ሎግ 1.3፤ ድምሩ 7.4።

አሁን በሊትር 10 ሚሊሞል ጠንካራ አሲድ ጨምር። (ሄሞግሎቢንና ፕሮቲን ለጊዜው እንደሌሉ አድርገን፤ በእውነተኛ ደም እነሱም ይሸከማሉ።) ባይካርቦኔት ከ24 ወደ 14 ይወርዳል፣ 10 ሚሊሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወለዳል።

ዕቃው ዝግ ቢሆን፦ 14 ÷ 11.2 = 1.25፤ ፒኤች 6.2። ከሕይወት ጋር የማይሄድ ቁጥር ነው።

ሳንባ የተወለደውን ጋዝ ብቻ አውጥቶ ግፊቱን 40 ላይ ቢያቆየው፦ 14 ÷ 1.2 = 11.7፤ ፒኤች 7.17።

ሳንባ ትንፋሹን አጠንክሮ ግፊቱን ወደ 29 ቢያወርደው፦ 14 ÷ 0.87 = 16፤ ፒኤች 7.31።

ያው አሲድ፣ ያው ባይካርቦኔት፤ ከ6.2 ወደ 7.31 ያደረሰው በሩ መከፈቱ ነው። የባፈሩ ኃይል ያለው በፒኬው ላይ ሳይሆን አንደኛው ወገኑ በትንፋሽ፣ ሌላኛው በኩላሊት ለየብቻ መስተካከሉ ላይ ነው።

ሎግ ለማይመቸው ሌላ መልክ አለ፦ ሃይድሮጂን አዮን (በናኖሞል) = 24 × ፒሲኦ2 ÷ ባይካርቦኔት። 7.40 ማለት 40 ናኖሞል ነው። 7.30 ማለት 50፣ 7.20 ማለት 63፣ 7.10 ማለት 80 ገደማ፣ 7.00 ማለት 100፤ ወደ ላይ 7.50 ማለት 32። ናኖሞል የሚሊሞል አንድ ሚሊዮንኛ መሆኑን አትርሱ። ሶዲየም በሊትር 140 ሚሊሞል ሲሆን ነፃው ሃይድሮጂን አዮን 0.00004 ሚሊሞል ነው።

ክፍያ፦
እዚህ ላይ ልለይ። ባይካርቦኔትን እንደ መንስኤ መቁጠር የሚያሳስትበት ቦታ አለ፣ ያውም በየቀኑ የሚሰጥ ፈሳሽ ላይ። ኖርማል ሳላይን 0.9 ከመቶ የጨው ውሃ ነው፦ ሶዲየም 154፣ ክሎራይድ 154። በብዛት ሲሰጥ አሲዶሲስ ያመጣል። ብዙ ሰው «ፒኤቹ 5.5 አካባቢ ስለሆነ» ይላል። ቡሬት ባሳየው መንገድ አስሉት፦ ፒኤች 5.5 በሊትር 0.003 ሚሊሞል ነው። ምንም አይደለም።

ምክንያቱ ክሎራይዱ ነው። ፒተር ስቴዋርት በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ያቀረበው አካሄድ እንዲህ ይላል፦ የፒኤች ገዢዎች ሦስት ናቸው፤ የጠንካራ አዮኖች (እንደ ሶዲየምና ክሎራይድ ያሉ) ልዩነት፣ የደካማ አሲዶች ድምር (በዋናነት አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲንና ፎስፌት)፣ ፒሲኦ2። ባይካርቦኔትና ሃይድሮጂን አዮን ከእነዚህ የሚከተሉ ናቸው። በፕላዝማ ውስጥ ጠንካራ አወንታዊ አዮኖች ከጠንካራ አሉታዊዎቹ በ40 ሚሊሞል ገደማ ይበልጣሉ። በሳላይን ውስጥ ልዩነቱ ዜሮ ነው። ዜሮ ያለው ፈሳሽ 40 ወዳለው ሲገባ ልዩነቱ ይጠባል፣ የአወንታዊና የአሉታዊ አዮኖች ድምር ደግሞ እኩል መሆን ስላለበት ባይካርቦኔት ይወርዳል።

ሚዛን፦
ኬሚስትሪው ልክ ነው፤ ግን ወደ መልሱ ለመድረስ አዲስ ሥርዓት አያስፈልግም። ከሴል ውጭ ያለው ፈሳሽ 14 ሊትር፣ ባይካርቦኔት 24፤ ድምሩ 336 ሚሊሞል። 3 ሊትር ሳላይን ጨምርበት፦ 336 ÷ 17 = 19.8። ክሎራይድ ከ104 ወደ 112.8 ይወጣል፣ ሶዲየም ከ140 ወደ 142.5። በሴሎችና በኩላሊት ምላሽ ምክንያት በሰው ላይ የሚታየው ለውጥ ከዚህ ያነሰ ነው፣ አቅጣጫው ግን ይኸው ነው። ባይካርቦኔት በሌለው ፈሳሽ ተበረዘ፣ ሳንባ ግን ፒሲኦ2ን 40 ላይ ስለሚያቆየው እሱ አልተበረዘም። ፒኤች ወረደ። ሁለቱም መንገድ አንድ ቁጥር ይሰጣል።

ክፍያ፦
ቁጥሩ አንድ ነው፣ እስማማለሁ። የኔ መንገድ የሚጠቅመው አልቡሚን በጣም ሲወርድ ነው። አልቡሚን ደካማ አሲድ ስለሆነ መውረዱ በራሱ ወደ አልካሎሲስ (የአሲዶሲስ ተቃራኒ) ይገፋል፤ በተለመደው አነባበብ ይህ ካልታረመ ይደበቃል። ለሳላይን ጥያቄ የሚሰጠው ተግባራዊ መልስ ግን የሁላችንም ነው፦ ሪንገር ላክቴት በሊትር 28 ሚሊሞል ገደማ ላክቴት አለው፤ ጉበት ላክቴቱን ሲያቃጥለው በምትኩ ባይካርቦኔት ይቀራል። በአፍ የሚወሰደው የኦአርኤስ ቀመር ውስጥ ያለው ሲትሬትም ሥራው ይኸው ነው። በዓለም ጤና ድርጅት የ2002 እ.ኤ.አ. ቀመር በሊትር 10 ሚሊሞል ሲትሬት አለ፤ አንዱ ሲትሬት ሲቃጠል ሦስት ባይካርቦኔት ስለሚሰጥ 30 ሚሊሞል ይሆናል። ጠብታ ከጠየቀው ፒኤች 9 ውሃ ጋር ሲወዳደር በሊትር 3,000 እጥፍ ነው።

ነጭ ጋውን፦
ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንሂድ። የደም ጋዝ ወረቀት ሲነበብ የሚከተለውን ቅደም ተከተል አትዝለሉ።

መጀመሪያ ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ይስማሙ እንደሆነ ይታያል። ሚዛን የጻፈውን ቀመር ተጠቀሙ። ወረቀቱ ፒኤች 7.30፣ ፒሲኦ2 40፣ ባይካርቦኔት 24 ቢል 24 × 40 ÷ 24 = 40 ናኖሞል ይሆናል፤ 7.30 ግን 50 ናኖሞል ነው። ከሦስቱ አንዱ ተሳስቶ ተገልብጧል። እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ምርመራ መገንባት አይቻልም፣ ወደ ማሽኑ ተመለሱ።

ቀጥሎ ፒኤች ወዴት እንዳዘነበለና ማን እንደሳበው። ፒኤች ዝቅ ብሎ ባይካርቦኔት ከ22 በታች ከሆነ ሜታቦሊክ አሲዶሲስ ነው፤ ፒኤች ዝቅ ብሎ ፒሲኦ2 ከ45 በላይ ከሆነ የመተንፈሻ አሲዶሲስ ነው። ወደ ላይ ሲሆን ተቃራኒው።

ከዚያ ሌላኛው ወገን በሚገባው ልክ መልሷል ወይ? በሜታቦሊክ አሲዶሲስ የሚጠበቀው ፒሲኦ2 = 1.5 × ባይካርቦኔት + 8፣ ሁለት ወደዚያ ሁለት ወደዚህ። ባይካርቦኔት 10 ከሆነ የሚጠበቀው ከ21 እስከ 25 ነው። 35 ሆኖ ከተገኘ ቁጥሩ በመደበኛው ክልል ውስጥ ስለሆነ ብቻ «ደህና ነው» አይባልም፤ ሳንባ ማድረግ ያለበትን አላደረገም፣ ሰውየው እየደከመ ሊሆን ይችላል። ይህችን የሚስት ብዙ ነው፣ ዋጋዋም ከባድ ነው። በመተንፈሻ አሲዶሲስ ፒሲኦ2 በ10 በጨመረ ቁጥር ባይካርቦኔት በአጣዳፊው 1፣ በቆየው 4 ገደማ ይጨምራል፤ ኔፍሮን ያለው የቀናት ልዩነት እዚህ ይታያል።

ከዚያ አናዮን ጋፕ (ያልተለኩ አሉታዊ አዮኖች ግምት)፦ ሶዲየም − (ክሎራይድ + ባይካርቦኔት)። ከ8 እስከ 12 የተለመደ ነው፣ የየቤተ ሙከራው ወሰን ይለያያል። ይህን ፒኤች ደህና ቢሆንም አስሉት። አንድ ወረቀት ላሳያችሁ፦ ፒኤች 7.40፣ ፒሲኦ2 40፣ ባይካርቦኔት 24። ሦስቱም ንጹሕ። ሶዲየም 142፣ ክሎራይድ 92። ጋፑ 26 ነው። ከ12 በላይ 14 ሚሊሞል ያልተለካ አሲድ ገብቷል፤ ባይካርቦኔት ወደ 10 መውረድ ነበረበት፣ ግን አልወረደም። ስለዚህ በሌላ በኩል 14 ሚሊሞል ያህል ቤዝ ተጨምሯል። ኬቶ አሲዶሲስ (ኢንሱሊን ሲጎድል ኬቶን የተባሉ አሲዶች ደም ውስጥ የሚበዙበት ሕመም) ላይ ብዙ ያስመለሰ ሰው በትክክል እንዲህ ሊታይ ይችላል፦ ኬቶኑ ባይካርቦኔትን ያወርዳል፣ የጨጓራ አሲድ መውጣቱ ያወጣዋል። ሁለት ከባድ መዛባቶች ተጋጭተው ደህና የሚመስል ወረቀት ሠሩ።

ብልቃጥ፦
ነጭ ጋውን ያሉት ሁሉ የሚሠራው ናሙናው ልክ ከሆነ ነው። ስህተቱ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ውስጥ ሳይሆን ከማሽኑ በፊት ነው።

የአየር አረፋ፦ አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የለም ማለት ይቻላል። አረፋው ከናሙናው ጋር ሲቆይ ፒሲኦ2 ይወርዳል፣ ፒኤች ይወጣል፣ የኦክሲጅን ግፊት ወደ 150 ይሳባል። ናሙናው እንደተቀዳ ሲሪንጁን ወደ ላይ አቅንቶ በጣት መታ መታ ማድረግ፣ አረፋው ጫፍ ላይ ሲሰበሰብ ገፍቶ አስወጥቶ ወዲያው መክደን። ትንንሽ አረፋዎች ከአንድ ትልቅ ይብሳሉ፣ ከደሙ ጋር የሚገናኝ ገጻቸው ሰፊ ነው፤ ከተናጡ ደግሞ የባሰ።

ፈሳሽ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት)፦ ሲሪንጅ ውስጥ የቀረው ከበዛ ደሙን ይበርዛል፤ ፒሲኦ2ና ባይካርቦኔት አብረው ይወርዳሉ፣ ፒኤች ብዙም አይነካም። ስለዚህ ወረቀቱ እርስ በርሱ ይስማማል፣ የነጭ ጋውን የመጀመሪያ ፍተሻ አይዘውም። ደረቅ ሄፓሪን ያለበት ሲሪንጅ ይሻላል። ደረቁ ደግሞ መሟሟት ስላለበት ሲሪንጁን በሁለት መዳፍ መካከል ማሽከርከርና ቀስ አድርጎ መገልበጥ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ይረጋል።

መዘግየት፦ የደም ሴሎች ሲሪንጅ ውስጥም ይሠራሉ። ግሉኮስ ይወርዳል፣ ላክቴትና ፒሲኦ2 ይወጣሉ፣ ፒኤች ይወርዳል። በፕላስቲክ ሲሪንጅ ከሆነ በክፍል ሙቀት አስቀምጦ በ30 ደቂቃ ውስጥ መመርመር ነው። «በረዶ ላይ አድርጉት» የሚለው ልማድ የመስታወት ሲሪንጅ ዘመን ነው፤ ፕላስቲክ ኦክሲጅን ያሳልፋል፣ ቅዝቃዜም ፖታሲየምን ከሴል ያስወጣል።

ከደም መልስ የተቀዳ ናሙናም ይጠቅማል፦ ፒኤቹ በ0.03 ገደማ ያንሳል፣ ፒሲኦ2 በ5 ገደማ ይበልጣል። ኦክሲጅንን ግን ከእሱ አታንብቡ። ደሙ የዝውውር ችግር ያለበት ሰው ከሆነ ልዩነቱ ይሰፋል።

ጠብታ፦
ብልቃጥ፣ እጅሽ ይባረክ። ነጭ ጋውን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፦ ባይካርቦኔት ወርዶ ከተገኘ ለምን በቀጥታ ባይካርቦኔት አይሰጥም? ቁጥሩ ጎደለ፣ ይሞላል።

ነጭ ጋውን፦
የጎደለው ቁጥር ምልክት ነው። 8.4 ከመቶ የሆነው ሶዲየም ባይካርቦኔት በሚሊ ሊትር 1 ሚሊሞል ነው። በሚዛን ቀመር አስበው፦ የሰጠኸው ባይካርቦኔት አሲድ ሲያገኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፣ መውጫው ሳንባ ነው። ሳንባ ካላወጣው ፒሲኦ2 ይጨምራል፣ ጋዙ ከባይካርቦኔት ቀድሞ ወደ ሴል ይገባል። ከዚህ ሌላ ፖታሲየም ወደ ሴል ገብቶ ደም ውስጥ ይወርዳል፤ ነፃው ካልሲየም ከአልቡሚን ጋር ይበልጥ ስለሚያያዝ ያንሳል። ፈሳሹ ራሱ ከደም ብዙ እጥፍ የጠነከረ ጨው ነው። ካልሲየም በሚሄድበት መስመር ላይ አብሮ ከተሰጠ ደግሞ ካልሲየም ካርቦኔት ነጭ ሆኖ ይዘቅጣል፤ መስመሩ በሁለቱ መካከል መታጠብ አለበት።

መንስኤውም ይለያያል። በተቅማጥ ባይካርቦኔት ራሱ ከሰውነት ወጥቷል፤ መተካቱ ትርጉም አለው። በኬቶ አሲዶሲስ ግን ኬቶኖቹ ገና ደም ውስጥ ናቸው፤ ኢንሱሊን ሲሰጥ ተቃጥለው ባይካርቦኔት ይሆናሉ። ቀድሞ የሞላ ሰው በኋላ ከመጠን በላይ ያገኛል። ስለዚህ በኬቶ አሲዶሲስ ፒኤች ወደ 7.0 እና ከዚያ በታች ካልወረደ አብዛኛውን ጊዜ አይሰጥም። ይህ የሐኪም ውሳኔ ነው፣ ከመድረክ ተነብቦ የሚወሰን አይደለም።

ኔፍሮን፦
የሽንት ፒኤች የሰውነትን ሁኔታ አያሳይም ያልኩትን በሁለት ላጠናክር። ብዙ ያስመለሰ ሰው ደሙ አልካላይን ነው፤ ፈሳሽ፣ ክሎራይድና ፖታሲየም ስለጎደለው ግን ኩላሊቱ ሶዲየም ለመያዝ ሲል ፕሮቶን ያወጣል፣ ሽንቱ አሲድ ይሆናል። የሽንት ክሎራይድ ከ20 በታች ሆኖ ይገኛል፤ መድኃኒቱ ክሎራይድ ያለበት ፈሳሽና ፖታሲየም ነው። ክፍያ የነቀፈው ሳላይን እዚህ ላይ ትክክለኛው ነው። በተቃራኒው ተቅማጥ በቆየበት ሰው ደሙ አሲድ ሆኖ የሽንት ፒኤች ከ6 ሊበልጥ ይችላል፤ አሞኒያ በብዛት ስለሚወጣ ነፃውን ፕሮቶን ይውጠዋል። ኩላሊቱ ግን በሙሉ ኃይሉ እየሠራ ነው። ይህን የሚያሳየው የሽንት ሶዲየም + ፖታሲየም − ክሎራይድ ነው፦ ውጤቱ ከዜሮ በታች በደንብ ከወረደ አሞኒየም አለ።

ሚዛን፦
ጠብታ፣ እስቲ አንድ ወረቀት ሥራ። ፒኤች 7.30፣ ፒሲኦ2 30፣ ባይካርቦኔት 14.4፣ ሶዲየም 136፣ ክሎራይድ 110፣ አልቡሚን በዴሲ ሊትር 2 ግራም። ሰውየው ለአራት ቀን ተቅማጥ ነበረበት፣ አሁን የደም ግፊቱ ወርዷል።

ጠብታ፦
24 × 30 ÷ 14.4 = 50 ናኖሞል፤ 7.30 ነው፣ ወረቀቱ ይስማማል። ባይካርቦኔት ወርዷል፣ ሜታቦሊክ አሲዶሲስ። የሚጠበቀው ፒሲኦ2 1.5 × 14.4 + 8 = 29.6፤ ሳንባ በልኩ መልሷል። ጋፕ 136 − 124.4 = 11.6፤ መደበኛ ነው። ክሎራይድ ከፍ ብሏል። ስለዚህ በተቅማጥ የወጣ ባይካርቦኔት ብቻ ነው።

ሚዛን፦
እስከ ጋፑ ድረስ እንከን የለውም። አልቡሚኑን ግን አላስገባኸውም። አልቡሚን ከ4 በታች በወረደ በየ1 ግራሙ ጋፑ ላይ 2.5 ይጨመራል፤ እዚህ 5 ነው፣ ጋፑ 16.6 ይሆናል። ከ12 በላይ 4.6 ሚሊሞል የተደበቀ አሲድ አለ፤ ባይካርቦኔት ግን ከ24 በ9.6 ወርዷል። ግማሽ ያህሉን ተቅማጡ፣ ግማሽ ያህሉን ሌላ ነገር ወስዶታል። ክፍያ የተከራከረለት ነጥብ ይኸው ነበር። ግፊቱ ወርዷልና፣ ደም በበቂ ያልደረሰው አካል ላክቲክ አሲድ ስለሚያመነጭ ቀጥሎ የሚለካው ላክቴት ነው፤ ብልቃጥ እንዳለችው ናሙናው ሳይቆይ።